«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ቤት ለሚገዛ ሰው ምን ይላል?

ኮንዶሚኒየም ልገዛ ስዞር የአክስቴ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ስለ ካሬው፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ፎቁ አወራለሁ። እሷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ ጎረቤትሽ ማነው?» አለችኝ። ገና ሳልገዛው እንዴት ልወቅ ስላት «ታዲያ ምኑን ልትገዢ ነው?» አለች። ከዚያ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን አባባል አመጣች፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት።

ሙሉው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው «ይሻላል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ፍቺው ላይ ላዩን ቀላል ነው። ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ራቅ ብሎ ያለው ዘመድ ሳይሆን አጠገብ ያለው ጎረቤት ነው። ልጇ ሌሊት ታሞባት ጎረቤት ሐኪም ቤት ያደረሰላት እናት ምስጋናዋን የምትናገረው በዚህ ነው። ወንድሙ ሳይመጣ የቀረበት ሰውም ቅሬታውን የሚናገረው በዚሁ ነው።

አባባሉ ጎረቤትን ከዘመድ የሚያስበልጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ አይመስለኝም። ዘመድን የናቀ ሕዝብ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አይልም ነበር። ክብደቱ ያለው «ሩቅ» እና «ቅርብ» የሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። ዘመድ ከነፍቅሩ ዘመድ ነው። ርቀቱ ግን እጁን ያሳጥረዋል።

የአባባሉ ሥር የት እንደሆነ ለማየት አንድ ለቅሶ ቤት ማሰብ ይበቃል። ስልክም መኪናም ባልነበረበት ዘመን ሰው ሲያርፍ መርዶው የሚሄደው በእግር ነው። አስከሬን ደግሞ አይቆይም። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ወግ ቀብሩ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ወንድም ቢሮጥ እንኳ የሚደርሰው ከሠልስት በኋላ ነው። ታዲያ ጉድጓዱን የቆፈረው ማነው? ቃሬዛውን የተሸከመው፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ የቀቀለው ማነው? ወንድምየው አላጠፋም። እያለቀሰ መጥቷል። ግን ደርሶ ያገኘው የተመለሰ አፈር ነው።

ገጠር ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎረቤትም ዘመድም አንድ ሰው ነው። ወንድም ከወንድሙ፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ ማሳ ለማሳ ተዋስነው ይኖራሉ። ስለዚህ ይህን አባባል አጥንቱ ድረስ የሚያውቀው ከትውልድ ቀዬው የወጣ ሰው ይመስለኛል። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ እንጀራ ፍለጋ ከተማ የገባው። በከተማችን እድር እንዲህ የጠነከረውም ለዚህ ነው። ዘመዱ አገር ቤት የቀረ ሰው ጎረቤቱን በመዝገብ አስፍሮ፣ በየወሩ እየከፈለ፣ ዘመድ አደረገው።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ቁጥር 10 ላይ ስለቅርብ ጎረቤትና ስለሩቅ ወንድም ተመሳሳይ ቃል አለ። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ፣ ጂብሪል የጎረቤትን አደራ ደጋግሞ ስለነገራቸው ጎረቤት ውርስ የሚካፈል እስኪመስላቸው ድረስ እንደደረሱ ይነገራል። ውርስ የዘመድ ነገር ነው። ጎረቤት እዚያ ድረስ ተጠግቷል ማለት ነው።

«ጎረቤት» የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይላል። ከሁለት ቃል የተገጠመ ነው። «ጎር» በግእዝ አጠገብ የሚኖር ማለት ነው። «ቤት» ያው ቤት ነው። የአረብኛው «ጃር» ከዚሁ ሥር የወጣ የ«ጎር» ዘመድ ነው። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን «አል ጃር ቀብለ ዳር» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ጎረቤት ከቤት ይቀድማል ማለት ነው። የአክስቴ ጥያቄ ቁርጥ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ ተወልዶ አደገ። አንድ የግቢ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስልም ሲጣላም ይሰማል። ኑሮው ከባድ ነበር፤ ማንም ተመለሱ ቢለን እሺ አንልም። ጎረቤት ግን መፈለግ አያስፈልግም ነበር። አለ። ቅርበቱ በግድ የመጣ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ይህን ቀየረው። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈቼ እያለ ከተማዋን ከበባት። ዕጣ የደረሰው ከየሰፈሩ ተለቅሞ መጣ። በአንድ ደረጃ የሚወጡ፣ ስም የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ብሎክ ላይ ተገናኙ። አሁን ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡትም ወደነዚሁ ዳር ሰፈሮች ሄደዋል። የድሮ ሰፈራቸው እድር ላይ ለመክፈል ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመላለሱ እናቶች አውቃለሁ። አዲሱ ሰፈር እድር ስለሌለ አይደለም። ቢሞቱ የሚያለቅስላቸው ያ ስለሚመስላቸው ነው።

የኮንዶሚኒየሙን ንድፍ የሠሩ ሰዎች ይህን ያላሰቡ አይመስለኝም። በየብሎኮቹ መካከል «ኮሚናል» የምንለው ቤት የተሠራው ለዚህ ነው። እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ሠርግና ለቅሶ እንዲደገስበት። የትኛውም ባለሙያ ስለ ጎረቤት ከዚህ የተሻለ አልሳለም እላለሁ። ስንት ቦታ ግን ኮሚናሉ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ሽንኩርት የሚከተፍበት ቦታ ሲጠፋ፣ ስም የሚጠያየቁበት ቦታም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ አባባሉን ደግማችሁ ስሙት። «ጎረቤት» ብቻ አላለም። «የቅርብ ጎረቤት» ነው ያለው። ሁለት ሜትር ላይ ሆኖ ሩቅ የሆነ ጎረቤት አለ ማለት ነው። ግድግዳ ተጋርተን በር ዘግተን የምንኖር ሰዎች ገና አልተቀራረብንም።

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ነገር ደላላ አይነግራችሁም። ደላላ የሚወስዳችሁ ቀን ላይ ነው፣ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት። እናንተ ተመልሳችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሂዱ። እሑድ ጠዋትም ሂዱ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ አናግሩ። ታች ካለው ሱቅ ለስላሳ ጠጡና ባለሱቁን ጠይቁ። የጽዳትና የጥበቃ ብር ሰዉ በወቅቱ ይከፍላል? ኮሚቴው ይሰበሰባል? እድሩ አዲስ ሰው ይቀበላል? መግቢያው ስንት ነው? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ቤቱን ስትገዙ ከማያውቋችሁ ሰዎች ጋር ሽርክና መግባታችሁ ነው። ካርታ ማጣራት ግዴታ ነው፤ ይህም ከዚያ አያንስም።

እኔ አክስቴ እንዳለችው ሄድኩ። ፊት ለፊቴ ያለው በር ክፍት ነበር። እማማ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ደረት ላይ ነጠላ አጣፍተው ቡና ይቆላሉ። ጭሱ ደረጃውን ሞልቶታል። «ቤቱን ልታዪ ነው? ነይ፣ መጀመሪያ አንድ ሲኒ» አሉኝ። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ቤቱን በውክልና ገዝቶላቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አመጣቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ መታጠቢያው፣ ወጥ ቤቱ የራሳቸው ነው። የመጀመሪያውን ወር ግን በር ዘግተው ሲያለቅሱ እንደከረሙ ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥተው በሩን ከፈቱና ጀበና ጣዱ። በሁለተኛው ቀን የሦስተኛ ፎቅ ነፍሰ ጡር መጣች። በሳምንቱ አምስት ሆኑ።

ያን ቤት የገዛሁት ለእሳቸው ስል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከገዛሁ ከአራት ወር በኋላ እንዲህ ሆነ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቧንቧ ከፍቼ ጠብታ ሳጣ፣ መዝጋቱን ረስቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ውሃዋ መጣች። እማማ ውሃ በበሬ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ሲወርድ አዩ። የታችኛውን ፎቅ ልጅ ጠርተው ቆጣሪው ጋ አዘጉት። እሳቸው ጆንያና አሮጌ ጋቢ አምጥተው በሬ ሥር ጎዘጎዙ። ከዚያ ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ባሕር ሆኗል። ዘግተነዋል። አትደንግጪ፣ መንገድ ስትሻገሪ ተጠንቀቂ።»

ወንድሜ ሐዋሳ ነው። ማታ ስነግረው ከልቡ ተጨነቀ፤ ሳምንቱን ሙሉ እየደወለ ጠየቀኝ። ግን ከ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ቧንቧ መዝጋት አይቻልም። እኔም በማግስቱ ትርፍ ቁልፍ አስቀርጬ ለእማማ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ቁልፍ ከመሶቡ ሥር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጃቸው ነው። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ እማዬ ከማታ ጀምሮ ስልክ አላነሳችም» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ደርቤ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ወጣሁ። አንኳኳሁ። መልስ የለም። ቁልፉን አስገብቼ ሳዞር ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ ኖሯል። «እኔ ነኝ እማማ» አልኩና ስልኩን ወደ አልጋቸው ዘረጋሁላቸው።