እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ

ፊት ለፊት እየሳቀ ከጀርባ የሚጎዳ ሰው ሲገጥመን «ተጠንቀቀው፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው» እንላለን። በአስር ብር ውርርድ ጀምሮ ደሞዙን ለጨረሰ ልጅም ይነገራል። አደጋው ሲመጣ አያስፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

አባባሉን በደንብ የሚረዳው ወንዝ በእግሩ የተሻገረ ሰው ነው። በልጅነቴ ክረምት ላይ ስንሻገር ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን፣ ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንገባለን። መጀመሪያ ውሃው ቁርጭምጭሚት ጋ ነው። ይኮረኩራል። እንስቃለን፣ እንራጫለን። ጉልበት ላይ ሲደርስ ሰውነት ቀለል ይላል። ጭን ላይ ሲደርስ ግን ከእግር ሥር ያለው አሸዋ መሸሽ ይጀምራል፤ ያኔ ሳቁ ቀጥ ይላል። ትልልቆቹ ጥልቀቱን በዱላ እየለኩ ከፊት የሚሄዱት ለዚህ ነበር። የሚያገሣ ወንዝ ማንም አይደፍረውም። ሰው የሚወስደው ያ የሚያጫውተው ነው።

ባሕርም ያው ነው። ታይታኒክ በበረዶ ግግር በተመታችበት ሌሊት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ ባሕሩ እንደ መስታወት የረጋ ነበር። ከግግሩ የተሰበረ በረዶ መርከቧ ላይ ተበተነ። አንዳንድ ተሳፋሪዎች በረዶውን እየጠለዙ እንደ ኳስ ተጫወቱበት! ከሥራቸው ውሃ እየገባ ነበር። ጀልባ ሲወርድም ብዙዎቹ ከሞቀውና ከደመቀው መርከብ መውጣት አልፈለጉም። 65 ሰው የምትይዘው የመጀመሪያዋ ጀልባ ግማሽ እንኳ ሳትሞላ ሄደች። መርከቧ ከተመታች ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ሰጠመች። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። ለ ጆላን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን?

ለ ጆላ የሴኔጋል መርከብ ነበረች። ደቡቡን የካዛማንስ ክልል ከዋና ከተማዋ ከዳካር ጋር ታገናኛለች። በየብስ መሄድ ጋምቢያን ማቋረጥ ስለሚጠይቅ ሕዝቡ መርከቧን ይወዳታል። ለጥገና ቆማ ከርማ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 ሥራ ስትጀምር ደስታ ሆነ። ሴፕቴምበር 26 ቀን ከዚጊንሾር ወደብ ስትነሳ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኗል። የተሠራችው ለ580 ሰው ገደማ ነው። የያዘችው ከ1,900 በላይ ነበር። ሌሊት ጋምቢያ አቅራቢያ ነፋስና ዝናብ ተነሳ። መርከቧ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተገለበጠች።

ቢያንስ 1,863 ሰው ሞተ። ከታይታኒክ ይበልጣል። የተረፉት 64 ብቻ ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ሴት አንዲት ነበረች። ዳካር አጠገብ ምባዎ በሚባለው መቃብር ብዙዎቹ ያለ ስም ተቀብረዋል። ቤተሰቦቻቸው በየዓመቱ ሴፕቴምበር 26 ይሰበሰባሉ። መርከቧ ከባሕር ወለል እንድትወጣላቸውም ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ያልተገኘው ዘመዳቸው እዚያው ውስጥ ነውና። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የከበደኝ። አንድ አህጉር ላይ ሆነን አልሰማንም ማለት ነው።

የራሳችንስ? ከሶማሊያዋ ወደብ ከቦሳሶ ተነስታ ወደ የመን የምትሄድ ጀልባ በየመን ዳርቻ ተገለበጠች። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንዳስታወቀው 260 ሰው ይዛ ነበር፤ 145ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። መጀመሪያ ላይ የ49 ሰው ሞት ተረጋገጠ፤ 140 ሰው ደግሞ የገባበት ጠፋ። አስከሬን ካልተገኘ መርዶ ማርዳት ጭንቅ ነው። ለቅሶ መቀመጥም እንደዚያው። እነዚህን ልጆች እያሳሳቀ የወሰዳቸው ውሃው ብቻ አይደለም፤ «አንድ ሌሊት ነው፣ ከዚያ ሳዑዲ ነህ» የሚለው ደላላም አለበት።

ታይታኒክ የሰጠመችበትን ዓመት ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃለን። የዚያች ጀልባ ቀን ሰኞ ነበር፤ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም።