ያረጀው ሽፍታ ምንድን ነው?

በካውቦይ ፊልም ፀጉሩ የሸበተ ወንበዴ ሁሉ «ያረጀው ሽፍታ» አይባልም። ስሙ የሚገባው ዘመን ጥሎት ለሄደ፣ ከዝርፊያ ሌላ ሙያ ለሌለው ሰው ነው። (እኛ ሽፍታ ስንል ግፍ መሮት ጫካ የገባውንም ይጨምራል፤ የእንግሊዝኛው «አውትሎው» መነሻ ግን ሕግ ከለላ የማይሰጠው ሰው ማለት ነው።) ስለዚህ ከሰውየው ዕድሜ በፊት ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓመት ማየት ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ከ1900 ወዲህ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

ጥሩ ማሳያ በ1982 የወጣው የካናዳ ፊልም «ዘ ግሬይ ፎክስ» ነው። ቢል ማይነር በእውን የነበረ የሠረገላ ዘራፊ ነው። በፊልሙ 33 ዓመት ታስሮ በ1901 ከሳን ኩዌንቲን ወህኒ ሲወጣ የሚዘርፈው ሠረገላ የለም። ሲኒማ ቤት ገብቶ በ1903 የተሠራውን የባቡር ዘረፋ ፊልም ሲያይ ነው አዲስ ሥራ የሚገለጥለት። ማይነርን የሚጫወተው ሪቻርድ ፋርንስወርዝ ለብዙ ዓመታት በሌሎች ተዋንያን ፈንታ ፈረስ ሲጋልብና ሲወድቅ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ እርጅናውም ልምዱም አብረው ይታያሉ።

እርጅናው በንግግር ከተነገረ ፊልሙ ደከመ ማለት ነው፤ ሰውነት ሊናገረው ይገባል። በ1992ቱ «አንፎርጊቨን» ክሊንት ኢስትውድ ጣሳ አስቀምጦ በሽጉጥ ደጋግሞ ይስታል። ቤት ገብቶ ባለ ሰፊ አፈሙዙን ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ ነው የሚመታው። ፈረሱ ላይ መውጣትም አቅቶታል። ይህን ካየ በኋላ «ደክሞኛል» የሚል ቃል ማን ይፈልጋል?

እንዲህ ያለ ፊልም የሚበላሸው ለድሮው ዘመን ያለው ናፍቆት ሲበዛ ነው። ሽማግሌው ጨዋና ተወዳጅ እየሆነ ሲሄድ የተዘረፈው ሰው ከፊልሙ ይጠፋል። በ1969 የወጣው «ዘ ዋይልድ በንች» ይህን አውቆ መጀመሪያውኑ በከሸፈ ዝርፊያ ይከፍታል። በተኩሱ መሐል የከተማው ሰው ያልቃል፤ ሽፍቶቹ ብዙ ሞተው ያመጡት ከረጢት ሲፈታ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ተራ የብረት ቀለበት ሆኖ ይገኛል። «ዘ ግሬይ ፎክስ» ለማይነር ይራራል፤ እንደገና ታስሮ ከወህኒ ካመለጠ በኋላ አይከተለውም። እውነተኛው ማይነር ግን በ1907 ካመለጠ በኋላ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ እንደገና ባቡር ዘርፎ ተይዟል፤ በ1913 የሞተውም እዚያው እስር ላይ እያለ ነው።