የበረራ ሰዓት ምንድን ነው? ከታኮ እስከ ታኮ

ሰሞኑን ጅማ ላይ አንዱ ወንድማችን ቡናውን ይዞ ሲያስረዳ ሰማሁት፦ «አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውሮፕላን በሰዓት 900 ይበራል፣ ሲካፈል 23 ደቂቃ። ቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጽፉት ለምንድን ነው?» በበረራ ዕቅድ ሥራ ዓመታት ላሳለፈ ሰው ዝም ማለት ይከብዳል።

350ው የአውቶቡስ ነው፤ ሰኮሩን አልፎ፣ ጊቤ ወርዶ፣ ወልቂጤ ወጥቶ፣ በወሊሶ። በአየር ቀጥታው 260 ገደማ ነው። 900ውም የትልልቅ ጄቶች ፍጥነት ነው፤ ጅማ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን፣ ኪው 400፣ ቢበዛ 660 አካባቢ ነው። የሚያስቀው፣ 260ን ለ660 ስታካፍሉት ያው 23 ደቂቃ ተኩል ይመጣል! ሁለቱ ስህተት ተጣፍቶለት ልክ ሆነ። ግን አሁንም ቲኬቱ አልዋሸም።

ቲኬቱ ላይ ያለው የመብረሪያ ሰዓት አይደለማ። በሙያው «ብሎክ ታይም» ይባላል። ብሎክ ማለት ታኮ ነው፣ የአይሱዙ ረዳት ዳገት ላይ ጎማ ሥር የሚወሽቀው። ታኮ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅንቅ ሲል ይጀምራል፤ መድረሻው ላይ ቆሞ ታኮ ሲገባለት ያበቃል። አይሱዙውን አስቡት፦ ከግቢ እስኪወጣ ባጃጅ ያግደዋል፣ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዘ ይወርዳል፣ ከተማ ሲገባ ይሰለፋል። አውሮፕላኑም ሽቅብ ሲወጣ 660 አይሄድም፤ ከፍታውን ከያዘ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል፤ ቦሌ ላይ ለማረፍ ተራ ይጠብቃል። (የጅማ የጠዋት ጉም የሚያስጠብቀው ግን እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ መዘግየት ነው።) ልዩነቱ፣ አይሱዙ ሲዘገይ ቲኬት አውጥቶ የሚከራከር የለም።

ረጅም በረራ ላይ የታኮው ድርሻ ያንሳል፣ ነፋስ ይመጣል። አዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ900 ለሚበር ጄት፣ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢገፋ 13 ሰዓት ተኩል፣ ያው ነፋስ ከኋላ ቢሆን 12 ሰዓት ግድም። ስለዚህ «መሄጃውና መመለሻው እንዴት ይለያያል?» አትበሉ። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ታንከሩን ጢም አድርጎ ከነጭነቱ መነሳት ያስቸግራል። ወደዚያ የሚሄደው በረራ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሌላው የመነሻና የመድረሻ ሰዓትን መቀናነስ ነው። ለምሳሌ በእነሱ ክረምት ዋሽንግተን በ11:00 ተነስቶ በማግስቱ አዲስ አበባ በ08:00 የሚያርፍ «21 ሰዓት በረርኩ» ይላል። የስምንት ሰዓቱን ልዩነት ሲቀንሱት 13 ነው። ይህ እንኳ ይሻላል። የባሰው ያንን 08:00 በእኛ አቆጣጠር አንብቦ፣ ከጅማ ተነስቶ፣ አበባውን ይዞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቦሌ የሚደርሰው ዘመድ ነው። እንግዳው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል።