«ግፊት ያለበት ሰው ቡና አይጠጣም» እና ሌሎች የረከቦት ዙሪያ ወሬዎች

ግፊት እንዳለበት የታወቀ ሰው ከሐኪሙ ቀድሞ የሚመክረው ጎረቤቱ ነው። ምክሩ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ እውነቱና ወሬው ግን ተደባልቋል።

«ግፊት ያለበት ሰው ቡና በዞረበት አይዙር።»
ካፌይን ግፊትን እንደሚጨምር አይካድም። ከጠጡ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ የላይኛውን ቁጥር በ5 ወይም በ10 ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ይህ ጎልቶ የሚታየው ግን ቡና ባልለመደ ሰው ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ይላመደዋል። ግፊቱ በመድኃኒት ለተስተካከለ ሰው ሁለት ሦስት ሲኒ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። መጠንቀቅ ያለበት ግፊቱ 160/100 እና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት፣ እንደነዚህ ካሉት መካከል በቀን ሁለት ስኒና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። እንግዲህ ቁጥርን ሳያውቁ ስለ ሲኒ መከራከር ከንቱ ነው።

«ራሴን ያመመኝ ግፊቴ ጨምሮ ነው።»
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቡናው የቀረበት ሰው ራሱን የሚወቅረው ብዙ ጊዜ ሐራራ ነው። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሲቋረጥ ይሰፋሉ፤ ሕመሙም ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንድ አቦል ሲጠጣ ለቀቅ ያደርገውና «ግፊቴ ወረደልኝ» ይላል፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለሌለው፣ ራሱን ስላላመመው ብቻ ክኒኑን የሚያቋርጥ ሰው አደጋ ላይ ነው። ቡና መተው የፈለገም በአንድ ቀን አይቁረጥ፤ ሲኒ በሲኒ ይቀንስ።

«ቡናው ነው እንጂ ጨው ምን ያደርጋል?»
ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወጡና በርበሬው ገና ሳይቆጠሩ በየሲኒው ቆንጠር የሚደረገው ከዚሁ ይቀነሳል። ግፊቱ ተስተካክሎለት ሳለ ሲኒ ቀንሶ ጨዉን ያልተወ ሰው የተወው አብዛኛውን ጊዜ የማይጎዳውን ነው።

«በረካው ውኃ ነው፤ አይቆጠርም።»
ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ካፌይን በሙቅ ውኃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣል። መቀነስ የፈለገ አቦሉን ለሌላው ትቶ ከቶና ቢጀምር ጨዋታውም አይቀርበትም።

«አተላው ካልገባ ንጹሕ ነው።»
ጀበናውን አስክኖ መቅዳት አተላውን ያስቀራል፤ የቡናውን ዘይት ግን አያስቀርም። ያ ዘይት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ይይዘዋል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ይህን ቢያስብበት ይበጀዋል።

«ሻይ ግን ምንም አይል።»
ሻይም ካፌይን አለው፤ ያነሰ ነው እንጂ። ኃይል ሰጪ የሚባሉት የታሸጉ መጠጦች ግን በአንድ ቆርቆሮ ብዙ ስለሚይዙ ልባቸውን ለሚያማቸው አይመከሩም።

«ቤት ውስጥ ለካሁት፤ ቡና እየጠጣሁ ነበር።»
ያ ቁጥር አይታመንም። የሚለካ ሰው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቡና ሳይጠጣ ይቆይ፤ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ለ5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ሲለካም አያውራ።