በብርሃን የሚነቃ የካንሰር መድኃኒት ምንድን ነው?

አክስቴ ኬሞ ጀምረው ፀጉራቸው መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ጠየቁኝ። «ይሄ መድኃኒት ካንሰሩን ከፀጉሬ አይለይም እንዴ?»

በደንብ አይለይም። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ይመታል። የፀጉር ሥር ደግሞ ቶሎ ይባዛል። ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው ዛሬ ስለ ፎቶኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም በብርሃን በሚነቃ መድኃኒት ስለሚሰጥ የካንሰር ሕክምና የምጽፈው።

መድኃኒቱ አንቲቦዲ ነው፤ የካንሰሩን ሕዋስ ፈልጎ የሚለጠፍ ፕሮቲን። አንቲቦዲው ላይ ብርሃን የሚያነቃው ቀለም ተያይዟል። በደም ሥር ተሰጥቶ 1 ቀን ገደማ ይጠበቃል። ከዚያ ሐኪሙ እጢው ላይ ቀይ ሌዘር ያበራል። ብርሃኑ ሲነካው የቀለሙ ባሕርይ ይለወጣል፣ የሕዋሱ ሽፋን ይጎዳል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ያብጥና ይፈነዳል። አጠገቡ ያለ፣ መድኃኒቱ ያልተለጠፈበት ሕዋስ ያው ብርሃን ቢያርፍበትም ይተርፋል። ጤነኛ ሕዋስ ላይ ጥቂት ቢለጠፍ እንኳ ብርሃን ካልደረሰው አይነቃም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ምንም የለም።

ቀይ የሆነው ለምንድን ነው? ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁና አክስቴ ጣቶቻቸውን ገጠሙበት። ጣቶቻቸው ፍም መሰሉ። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ደምና ሥጋ ይውጠዋል፤ ቀዩ ያልፋል። እሱም ቢሆን ሩቅ አይሄድም፤ ቢበዛ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለጠለቀ እጢ ብርሃን የሚያደርስ ቀጭን ክር በመርፌ ይገባል። መላ ሰውነት ለተሰራጨ ካንሰር ግን ሁሉም ቦታ ማብራት አይቻልም።

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚሠሩት ሂሳታካ ኮባያሺና ባልደረቦቻቸው ዘዴው በአይጦች ላይ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። በ2020 ደግሞ ጃፓን ቀዶ ሕክምና ለማይቻልበት የራስና የአንገት ካንሰር ፈቀደችው። የአክስቴ የጡት ነው። ስለዚህ ለእሳቸው የሚሆን አይደለም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው።

ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ከኃይለኛ ፀሐይ መራቅ አለበት፤ ቀለሙ ከሰውነት እስኪወጣ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ይሄንን ስነግራቸው «በባሕር ዳር ፀሐይ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።