ጠቅላላ አሞኒያ ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ አሞኒያው ትናንት 4 ነበር። ውሃውን ቀየርኩት፣ ዛሬ 1 ሆነ። ግን ዓሣዎቹ ሞቱ።»

የጎረቤቴ ልጅ ነው። በእጁ የአሞኒያ መለኪያ ኪቱን የመስታወት ቱቦ ይዟል፤ ውስጡ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነው። የሞቱት አራት ጎልድፊሾች ዓመት ተኩል የኖሩ ናቸው።

«ማነው ቀይር ያለህ?»

«አንድ የሚያውቅ ሰው።»

ይህን የሚያውቅ ሰው እኔም አውቀዋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አኳሪየም ባለበት ሁሉ አንድ አይጠፋም። ምክሩ ሁሌም ያው ነው፦ «አሞኒያ መርዝ ነው። ኪቱ ላይ ካየህ ውሃውን ድፋ።» ዓሣው ሲሞት ደግሞ «ዘግይተህ ነው» ይላል። ስንቴ ሰምቼ ዝም አልኩ። አሁን ግን በቃኝ።

ዓሣ አሞኒያ እንደሚያወጣ፣ ባክቴሪያም ወደ ኒትራይት፣ ከዚያ ወደ ኒትሬት እንደሚለውጠው ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ጣጣው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ኪቱ የሚያነበው ጠቅላላ አሞኒያን ነው፤ ማለትም ነፃ አሞኒያንና አሞኒየምን ደምሮ። ነፃው በዓሣው ስንጥብ ዘው ብሎ ይገባል፤ ገዳዩ እሱ ነው። አሞኒየም ግን በቀላሉ አያልፍም።

የሰፈራችንን ውሾች አስቡ። አንድ ሰው ቆጥሮ «መቶ ውሻ አለ» ቢላችሁ ማታ መውጣት ትፈራላችሁ? መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንቱ ታስሯል፣ ስንቱ ተለቋል ብላችሁ ነው። ኪቱ የሚቆጥረው ሁሉንም ነው። የሚያስረውና የሚፈታው ፒኤች ነው (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ኮምጥጧል ማለት ነው)፤ ሙቀትም ያግዘዋል። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ ከመቶው አንድ እንኳ አይለቀቅም፤ 0.6 ገደማ ነው። 8 ላይ አምስት ያህሉ ይፈታሉ። 9 ላይ ከሲሶ በላይ መንገድ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ደግነቱ የድሮውን ውሃ ለአበባ ብሎ በባልዲ አስቀምጦት ነበር። ለካሁት፦ ፒኤቹ 6.5። ውሃው ሳይቀየር ሲቆይ ኮምጥጧል፤ እንዲህ ሲሆን ባክቴሪያዎቹም ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ፣ አሞኒየም ይጠራቀማል። ከዚያ ከ4 ሚሊግራም በሊትር ውስጥ ነፃው 0.007 ብቻ ነበር። ዓሣዎቹ ደህና ነበሩ፤ ሁሉም ታስሮ ነበራ። ልጁ ሦስት አራተኛውን ውሃ ደፍቶ ፒኤቹ 8 የሆነ አዲስ ውሃ ሞላበት። ኪቱ 4 ያለው ወደ 1 ወረደ። ነፃው ግን ወደ 0.05 ወጣ። ቁጥሩ በአራት ሲካፈል መርዙ ሰባት እጥፍ ሆነ! የውሾቹን ሦስት አራተኛ አስወጥቶ የቀሩትን ፈታቸው ማለት ነው። (የፒኤች ድንገተኛ ዝላይም ለብቻው ዓሣ ይጎዳል። ጥፋቱን ሁሉ አሞኒያ ላይ አልጭንም።)

ወንድሜ አዋቂው፣ ዘግይቶ አይደለም። ቸኩሎ ነው።

«እሺ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ ከጨመርኩ በኋላም አሞኒያ ያሳየኛል» የሚለኝም አለ። ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ አሞኒያን ለጊዜው ያስሩታል፤ ገመድ ናቸው። የታሰረም ውሻ ይቆጠራል፣ ስለዚህ አረንጓዴው አይጠፋም። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄደው የድሮው ዓይነት ኪት ደግሞ በዚሁ ፈሳሽ ይወናበዳል፤ የሌለውን አለ ይላል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ማንከስ ይጀምራል፤ ውሻ ኒትራይት ሆኖ አያውቅም።

ሳልጠየቅ ልጨምር፤ ሥራዬ ነው። ከጣና ናሙና ስንወስድ ሰዓቱን እንጽፋለን። ቀን አልጌውና ዕፅዋቱ ውሃውን የሚያኮመጥጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስዱ ፒኤች ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል። አረንጓዴ የለበሰ አኳሪየምም ያው ነው፤ ጠዋት ያመናችሁት ቁጥር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ትርጉም አለው። የኪቱን መመሪያም እዩት። «አሞኒያ» ሳይሆን «አሞኒያ እንደ ናይትሮጅን» ካለ በ1.2 አባዙት። ቀለሙን ደግሞ በአምፖል ብርሃን አታንብቡ። ልጁን መስኮት አጠገብ አስጠግቼ የኪቱን የቀለም ካርድ ሳሳየው «1» ያለው ወደ 2 የቀረበ መስሎ ታየው፤ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ስለዚህ የላይኛው ስሌቴ ለስለስ ያለው ነው።

ያልጠበቃችሁት አሞኒያ ከታየ መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ራሱን ለኩት። ከድንጋይ ኋላ የሞተ ዓሣ ፈልጉ። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ለሰዓታት ቆሞ እንደነበር አስታውሱ፤ በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያም አየር ይፈልጋል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ፈጅቶት ይሆናል፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው የሚታጠበው። ምግብ ቀንሱ። ፒኤቹ ወርዶ ካገኛችሁት ውሃውን በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ እየቀየራችሁ፣ ፒኤቹን እየለካችሁ ሂዱ። ፒኤቹ ከመጀመሪያውም 8 ከነበረና ዓሣው ላይ ላዩን አየር እየጎረሰ ከሆነ ግን አትጠብቁ፣ ያኔ ብዙ ቀይሩ።

ልጁ ሌላ ዓሣ ሊገዛ ነው። መጀመሪያ የፒኤች መለኪያ ግዛ አልኩት። «እሱም ቁጥር አይደል እንዴ ጋሼ?» አለኝ።