አሞክሲሲሊን የተሸከመው የሌላ መድኃኒት ጥፋት

«ዶክተር፣ ይህን አንቲባዮቲክ ስወስድ የእርግዝና መከላከያዬ አይሠራም አይደል?» ፋርማሲስት መሆኔን እያወቁም ዶክተር ብለው የሚጠሩኝ ደንበኞቼ ይህን ሳይጠይቁኝ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ጥያቄ ልበለው እንጂ ጥያቄም አይደለም፤ መልሱ ከጓደኛ ወይም ከጎረቤት ተይዞ መጥቷል፣ ከእኔ የሚጠበቀው ራስ ነቅንቆ ማጽደቅ ብቻ ነው። እኔም ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን «ለጥንቃቄ ያህል» እያልኩ አጸድቅ ነበር፤ አሁን ግን አላጸድቅም። አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ ሜትሮኒዳዞል የእንክብሉን፣ የመርፌውንም ሆነ በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል አይቀንሱም።

ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጀርመን ውስጥ ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች እንክብላቸውን በአግባቡ እየዋጡም ያለጊዜው ደም እንደሚታያቸው ተዘገበ፤ ብዙም ሳይቆይ የእርግዝና ዘገባ ተከተለ። ሪፋምፒሲንም አንቲባዮቲክ ነውና ከዚያ ወዲህ አምፒሲሊን ወስዳ ያረገዘች ሴት በተገኘች ቁጥር ምክንያት ተፈለገላት፦ በእንክብሉ ውስጥ ያለው ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ፈትተው ወደ ደም ይመልሱታል፣ ባክቴሪያዎቹ በመድኃኒት ከሞቱ ግን የሚመልሰው የለም ተባለ። መላ ምቱ ያምራል፤ ነገር ግን የሴቶች ደም ሲለካ የሆርሞኑ መጠን ለእርግዝና በሚያጋልጥ ደረጃ ሲወርድ አልታየም። እንክብል ከሚጠቀሙ 100 ሴቶች 7 ያህሉ በተለመደው አወሳሰድ፣ ማለትም አንዳንድ ቀን እየረሱ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ከእነዚህ አንዷ በዚያው ወር አሞክሲሲሊን ወስዳ ከሆነ የተረሳው ኪኒን ይረሳና ጥፋቱ በአሞክሲሲሊን ላይ ይለጠፋል። የብሪታንያ የሥነ ተዋልዶ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ማስጠንቀቂያውን እ.ኤ.አ. በ2011 አንሥቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን መድኃኒቶች ምንም ገደብ በማያስፈልገው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ማስጠንቀቂያው ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ።

«ብንጠነቀቅ ምን እንጎዳለን?» ለሚሉ ባልደረቦቼ አንዲት ወጣት አስታውሳቸዋለሁ። ለቶንሲል የ7 ቀን አሞክሲሲሊን ታዝዞላት ነበር። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቷ ብሶ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷት ተመለሰች። መድኃኒቱን በሁለተኛው ቀን አቁማዋለች። ለምን? እንክብሉ እንዳይበላሽባት! ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነባት መስሏት ሕክምናዋን ጣለችው።

አንድ እውነት ግን ከወሬው ሥር አለ። ማንኛውም መድኃኒት የሚያስታውክ ከሆነና ሴትዮዋ እንክብሏን በዋጠች በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ትዋጥ፤ ከአንድ ቀን በላይ የዘለቀ ከባድ ተቅማጥ ከያዛትም እንክብል እንደዘለለች ቆጥራ ኮንዶም ትጨምር። መርፌና በክንድ የሚቀበረው በሆድ ስለማያልፉ ይህ እነሱን አይመለከትም።

የሚያናድደኝ የዚህ ሁሉ ፍርሃት አድራሻ መሳቱ ነው። ሽንትን ቀይ የሚያደርገውን ሪፋምፒሲንን ለ6 ወራት በየዕለቱ የምትወስድ ሴት ስለ እርግዝና መከላከያዋ ስትጠይቀኝ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሳይጠየቅ የነገራት ባለሙያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሪፋምፒሲን ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር ጉዳይ የለውም። የሚሠራው ጉበት ላይ ነው፤ ሆርሞን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ቁጥር ያበዛቸዋል፣ እነሱም የመከላከያውን ሆርሞኖች፣ ኤስትሮጅኑንና ፕሮጀስቲኑን፣ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ከደም ያስወግዷቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ እንዳይይዝ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠው ራይፋፔንቲንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። «እንግዲያው እንክብሉን ሁለት ሁለት እውጣለሁ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ኢንዛይሙ ምን ያህል እንደሚፈጭ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ዕጥፉ ይበቃል የሚል ዋስትና የለም።

«እኔ በክንዴ አስቀብሬያለሁ፣ በሆድ አያልፍም፣ ምንም አይነካኝም» የሚለው አባባል ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በሆድ አያልፍም፤ በጉበት ግን ያልፋል፣ በደም ውስጥ ያለ ሆርሞን ሁሉ እዚያ መድረሱ አይቀርምና። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በየቀበሌው መቅበር ከጀመሩ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ዘዴ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል፤ መልካም ዘዴ ነው፣ ነገር ግን የሚለቀው ሆርሞን መጠን አነስተኛ በመሆኑ ኢንዛይም የሚያበዙ መድኃኒቶች በቀላሉ ያሸንፉታል። የነቀርሳ ሕክምናዋን በጀመረች በሦስተኛው ወር ማርገዟን ያወቀች አንዲት እናት ኢምፕላኖኗን እየዳሰሰች «ጠፍቶ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጠፋም ነበር። መከላከያውን የቀበረላትና የነቀርሳ መድኃኒቱን የሰጣት ጤና ተቋም አንድ ነው፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ኮሪደር ነው፣ ሆኖም የአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ተሻግሮ አያውቅም።

በኤችአይቪ መድኃኒት በኩል ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ መፍራት። ጥፋተኛው ኤፋቪሬንዝ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኤፋቪሬንዝ እየወሰዱ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን የሚለቅ ዘንግ በክንዳቸው ካስቀበሩ 20 ሴቶች 3ቱ ዓመት ሳይሞላ አርግዘዋል። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ግን የመከላከያውን ኃይል አይነካም፤ ስለዚህ እሱን የምትወስድ ሴት በሰው ወሬ ዘንጉን አታስወጣ።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እንደ ሪፋምፒሲን ሁሉ ኢንዛይም ያበዛሉ። ቫልፕሮኤት አያበዛም፤ ነገር ግን ጽንሱን ክፉኛ ስለሚጎዳ የምትወስደው ሴት አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋታል። ላሞትሪጂን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የላሞትሪጂንን መጠን በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው፣ ተቆጣጥሮ የነበረው ሕመም ተመልሶ ሊጥላት ይችላል። መከላከያ ሁልጊዜ ተጎጂ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ የኮሶ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የብረት ኪኒን፦ አንዳቸውም መከላከያውን አይነኩም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ተብሎ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የድብርት ዕፅ፣ ሴንት ጆንስ ወርት፣ ግን ይነካዋል፤ ሻንጣ ውስጥ ይዘውት ለሚመጡ ዘመዶቻችን ይህን ብንነግራቸው ደግ ነው።

ታዲያ እነዚህን ኢንዛይም የሚያበዙ መድኃኒቶች የምትወስድ ሴት ምን ታድርግ? በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የዴፖ መርፌ መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ይቋቋማቸዋል፤ ቀጠሮዋን ሳታሳልፍ ትወጋ። በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ከሁሉ ይሻላል፤ የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን ጨርሶ የለውምና ኢንዛይም የሚፈጨው ነገር አያገኝበትም። እንክብሏን ወይም ዘንጓን መተው ያልፈለገች በየጊዜው ኮንዶም ትጨምር። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ፖስትፒልም ቢሆን ሆርሞኑ ያው ሌቮኖርጀስትሬል ስለሆነ ይዳከማል፤ የመዳብ ሉፕ በ5 ቀን ውስጥ ማስገባት ካልተቻለ በተለመደው 1.5 ሚሊ ግራም ፈንታ 3 ሚሊ ግራም እንድትወስድ ይመከራል፣ ይህንንም ለፋርማሲስቱ የምትወስደውን መድኃኒት ስም ካልነገረችው ሊያውቅላት አይችልም። የነቀርሳውን የመጨረሻ ኪኒን በዋጠች ማግስት ወደ እንክብሏ ብቻ አትመለስ፤ የጉበቷ ኢንዛይሞች ወደ ቀድሞ ልካቸው እስኪወርዱ 4 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።